ሮበርት ሄርጃቬክ፦ ከምድር ቤት እስከ ሻርኮቹ ወንበር

አምስት ባለሀብቶች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። በረጅሙ ኮሪደር አንድ ወጣት ወደ እነሱ ይመጣል፤ ፊታቸው ቆሞ ስሙን፣ የሠራውን ዕቃና የሚፈልገውን ገንዘብ ይናገራል። «100,000 ዶላር ስጡኝ፤ ከድርጅቴ 10 በመቶ ውሰዱ።» ከዚያ ጥያቄው ይዘንብበታል። ስንት ሸጥክ? አንዱን ለመሥራት ስንት ይፈጅብሃል? ዕዳ አለብህ? ነገ ሌላ ሰው አስመስሎ ቢሠራው ምን ታደርጋለህ?

ፕሮግራሙን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። በ2001 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በጃፓን «የገንዘብ ነብሮች» ተብሎ ተጀመረ። በ2005 ቢቢሲ «ድራጎንስ ዴን» ብሎ ወሰደው፤ በ2006 ሲቢሲ ወደ ካናዳ አስገባው፤ በኦገስት 2009 ደግሞ ኤቢሲ በአሜሪካ «ሻርክ ታንክ» ብሎ አወጣው። በእኛም አገር «ሃክሪሺም» በሚል ስም ታይቷል። በካናዳውም በአሜሪካውም ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ሮበርት ሄርጃቬክ ነው። በስምንት ዓመቱ አገሩን ለቆ የወጣ የስደተኛ ልጅ ነው።

ይህን ሰው የመረጥነው ሀብታም ስለሆነ አይደለም። የሕይወት ታሪኩን ስንከታተል ሁለት ነገሮች አብረው ስለሚገለጡ ነው፦ ምንም የሌለው ቤተሰብ ልጅ የመጀመሪያውን ገንዘብ ከየት እንደሚያገኝ፣ እና ቴሌቪዥኑ ላይ በአሥር ደቂቃ የሚያልቀው የድርሻ ጨዋታ በወረቀት ላይ ሲጻፍ ምን እንደሚመስል።

አንድ ሻንጣ እና 20 ዶላር

ሄርጃቬክ በሴፕቴምበር 1962 በቫራዥዲን ከተማ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ በሰሜን ክሮሺያ ናት፤ ያን ጊዜ ግን አገሩ በቲቶ የሚመራው ኮሚኒስቱ ዩጎዝላቪያ ነበር። ስሙ በራሳቸው ቋንቋ «ሄርያቬጽ» ተብሎ ይነበባል፤ «ሄርጃቬክ» ያደረገው የእንግሊዝኛ ምላስ ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ወይም መርከዝ ክሊታ ውስጥ በአንድ ቀን ስማቸው የተቀየረባቸው ወላጆች ያሏችሁ አንባቢዎች ይህን ላስረዳችሁ አይገባም።

አባቱ ቭላዲሚር አፋቸውን መያዝ የማይችሉ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ደጋግሞ እንደተናገረው፣ መንግሥትን በመቃወም ስለሚናገሩ ብዙ ጊዜ ታስረዋል። በመጨረሻም በ1970 ሚስታቸውን ካቲጻንና አንድ ልጃቸውን ይዘው ወጡና ካናዳ፣ ሃሊፋክስ ደረሱ። የያዙት አንድ ሻንጣና 20 ዶላር ብቻ ነበር። ከዚያ ወደ ቶሮንቶ ሄደው በአንድ ወዳጅ ቤት ምድር ቤት ውስጥ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ኖሩ። አባትየው ፋብሪካ ውስጥ ወለል ይጠርጉ ነበር፤ ደሞዛቸው በሳምንት 76 ዶላር ነበር። የአውቶቡስ ገንዘብ ለመቆጠብ በእግራቸው ሄደው በእግራቸው ይመለሱ ነበር።

ከዚያ ዘመን ሄርጃቬክ በየመድረኩ የሚያነሳው አንድ ታሪክ አለ። አንድ ቀን በር እያንኳኳ የሚሸጥ ነጋዴ መጣና ለእናቱ ቫኪዩም፣ እኛ ቤት «ሾኤቭ አቫክ» የምንለውን፣ በ500 ዶላር ሸጠላቸው። ቋንቋውን በደንብ አልሰሙም፤ ሰውየው ግን ትሑትና ፈገግታ የተሞላ ነበር። አባት ማታ ሲገቡ ዋጋውን ሰሙ፤ ወደ ሰባት ሳምንት የሚጠጋ ደሞዝ መሆኑ ነው። ልጁ እናቱ ሲያለቅሱ አየ፤ ከእንግዲህ ማንም ቤተሰቤን እንዲህ አያታልልም ብሎ ለራሱ ቃል የገባው በዚያ ምሽት እንደሆነ ይናገራል።

እዚህ ላይ ከታሪኩ ወጣ ብለን አንድ ጠቃሚ ነገር እንንገራችሁ፤ ምክንያቱም ይህ ቫኪዩም በሪሾን ለጽዮንም፣ በነታንያም፣ በቅርያት ጋትም በር ያንኳኳል፤ ዛሬ ደግሞ በብዛት የሚመጣው በስልክ ነው። በእስራኤል የተጠቃሚዎች ጥበቃ ሕግ መሠረት ቤት ድረስ መጥቶ የሸጠ ነጋዴን ውል በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል። በስልክ በተደረገ ሽያጭ ደግሞ ገዢው ዕድሜው 65 የሞላ ሰው፣ አካል ጉዳተኛ ወይም ከመጣ አምስት ዓመት ያልሞላው ኦሌ ሐዳሽ ከሆነ፣ ሽያጩ በንግግር የተደረገ እስከሆነ ድረስ የመሰረዣው ጊዜ እስከ አራት ወር ይደርሳል። ይህን አያቶቻችሁ እንዲያውቁት አድርጉ፤ እነሱ «ፈርሜያለሁ፣ አለቀ» ብለው በየወሩ ሲከፍሉ የሚኖሩበት ጊዜ ቀላል አይደለም። ስረዛው በጽሑፍ ይሁን፤ የተላከበትም ቀን ይቀመጥ።

ወደ ልጁ እንመለስ። ትምህርት ቤት ውስጥ በአነጋገሩና በአለባበሱ ይሳቅበት ነበር። አንድ ቀን እያማረረ ቤት ሲገባ አባቱ ደክመው ከሥራ ተመልሰው ነበር፤ ሰምተውት ሲያበቁ አታማርር አሉት። ይህን ምክር እስከ ዛሬ እንደ ስንቅ ይዞት ይዞራል፤ ከ2010 ጀምሮ ባወጣቸው መጻሕፍትም ውስጥ መንፈሱ አለ።

ምክሩን እናከብራለን፤ ሳናበጥረው ግን አንወስደውም። በአማርኛ ማማረርና አቤት ማለት አንድ አይደሉም። ማማረር ለሚሰማው ሁሉ ማልቀስ ነው፤ አቤት ማለት ግን የሚመለከተውን ሰው በስሙ ጠርቶ፣ የሆነውን በቀኑ ጽፎ መልስ መጠየቅ ነው። በ2015 ወጣቶቻችን አደባባይ ባይወጡ ኖሮ፣ በፍትሕ ሚኒስቴር የበላይ ኃላፊ በኤሚ ፓልሞር የተመራው ኮሚቴ በ2016 ዘረኝነትን ለማስወገድ 53 ምክረ ሐሳቦችን አያቀርብም ነበር፤ በሚኒስቴሩ ውስጥ ዛሬ አቤቱታ የሚቀበለው ክፍልም አይቋቋምም ነበር። ቭላዲሚር ራሳቸውም ቢሆኑ በአገራቸው ዝም ያሉ ሰው አልነበሩም፤ እስር ቤት የገቡት በዚያ ምክንያት አይደል?

የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ የተማረው የኮምፒውተር ነጋዴ

ሄርጃቬክ በ1984 ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀ። የተማረው የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍና የፖለቲካ ሳይንስ ነው። ኮምፒውተር አልተማረም፤ ንግድ አልተማረም። «በዚህ ትምህርት ምን ትሠራለህ?» የሚለውን ጥያቄ ዓርብ ማታ በእራት ላይ የምትሰሙ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች፣ ይህችን መረጃ ለእናቶቻችሁ አስቀምጡላቸው።

ጋዜጣ አድርሷል፣ በምግብ ቤት አስተናግዷል፣ ዕዳ ሰብስቧል። በፊልም ሥራ ላይ በረዳት አዘጋጅነት የሠራባቸው ጊዜያትም ነበሩ፤ በ1984 ሳራየቮ ላይ በተካሄደው የክረምት ኦሎምፒክ ለአንድ የካናዳ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሠርቷል። ያቺ ሳራየቮ ቤተሰቡ ትቷት በወጣው ዩጎዝላቪያ ውስጥ ነበረች። የሸሹትን አገር ቋንቋ ማወቁ እንጀራ ሆነው ማለት ነው።

ከዚያ ሎጂክዌስት የሚባል ኩባንያ ሰው ይፈልጋል ተባለ። ኩባንያው የሚሸጠው ተራ ኮምፒውተር ከትልቁ የአይቢኤም ማሽን ጋር እንዲነጋገር የሚያደርግ ካርድ ነበር። ለሥራው የሚያበቃ ችሎታ እንደሌለው ነገሩት። እሱም ስድስት ወር ያለ ደሞዝ ልሥራ አለ፤ ቀን እዚያ እየሠራ፣ ማታ በአስተናጋጅነት የቤት ኪራዩን ከፈለ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ሆነ።

ይህ ክፍል የስኬት አሠልጣኞች በጣም የሚወዱት ነው፤ እኛ ግን እዚህ አገር እንዳትደግሙት እንመክራለን። በእስራኤል የዝቅተኛ ደሞዝ ሕግ ከ1987 ጀምሮ አለ። በዚህ ሕግ የተሰጠውን መብት ሠራተኛው ራሱ ፈቅዶ እንኳ ሊተወው አይችልም፤ «ወድጄ ነው ያለ ክፍያ የምሠራው» ብሎ መፈረም ዋጋ የለውም። ከትምህርት ጋር የተያያዘ ስታዥና የበጎ ፈቃድ ሥራ ሌላ ነገር ነው። «ለልምድ» ተብሎ ሦስት ወር በነፃ ሥራ የተባለ ተማሪ ካለ፣ ሕጉ ከእሱ ጋር ነው። ከሄርጃቬክ የሚወሰደው ነገር ነፃነቱ ሳይሆን ሌላው ይመስለናል፦ ገና ያልተማረውን ነገር ሥራው ላይ ሆኖ ለመማር አለመፍራቱ፣ ከዚህም በላይ ደግሞ መሸጥን እንደ ሙያ መቁጠሩ።

በመጨረሻ ከዚያ ኩባንያ ተባረረ። የቤት ዕዳ አለበት፤ ደሞዝ የለውም። በ1990 ብራክ ሲስተምስ የሚባል ድርጅት በቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ጀመረ። የዚህ ቤተሰብ ነገር ሁልጊዜ ከምድር ቤት ይጀምራል።

ብራክ ምን ይሸጥ ነበር?

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ገንዘቡ የመጣው ከዚህ ነውና።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኩባንያዎች ኮምፒውተሮቻቸውን ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት ጀመሩ። ቤቱን መንገድ ዳር የሠራ ሰው በር እንደሚያስፈልገው ሁሉ፣ እነሱም በውስጡና በውጩ መካከል የሚቆም ነገር አስፈለጋቸው። ፋየርዎል ይህ ነው፤ ከውጭ የሚመጣውን እያንዳንዱን መልእክት ያያል፣ በተሰጠው ሕግ መሠረት ያሳልፋል ወይም ይመልሳል። የዚህ ሙያ አንዱ እምብርት እዚሁ እኛ አገር ነው። በ1993 ጊል ሽዌድ፣ ማሪዩስ ናክትና ሽሎሞ ክራመር በራማት ጋን ቼክ ፖይንትን መሠረቱ፤ ምርታቸውም በዓለም ላይ በስፋት ከተሸጡት የመጀመሪያዎቹ ፋየርዎሎች አንዱ ሆነ።

ሄርጃቬክ ግን ፈጣሪ አልነበረም። ብራክ ሌሎች የሠሩትን የደኅንነት ሶፍትዌር ለካናዳ ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች የሚሸጥ፣ የሚገጥም፣ የሚጠግን ድርጅት ነበር። እንዲህ ያለው አከፋፋይ ምርቱን ከአምራቹ በቅናሽ ይገዛና በሙሉ ዋጋ ይሸጣል፤ ልዩነቱ አንዱ ትርፍ ነው። ዋናው ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፦ መግጠም፣ ማሠልጠን፣ በየዓመቱ የሚታደስ የጥገና ውል። ደንበኛ አንዴ በሩን ለእናንተ ካስረከበ በቀላሉ አይለውጣችሁም።

ይህን ያነሳነው በማኅበረሰባችን «ሃይቴክ» ሲባል ኮድ መጻፍ ብቻ የሚመስላቸው ብዙ ስለሆኑ ነው። ቴክ ካሪዬራ የእኛን ወጣቶች ወደ ሃይቴክ ለማስገባት ሲቋቋም፣ ዖሊም በያሐድም ዲግሪ ይዘው ከሙያቸው በታች የሚሠሩትን ወደ ተገቢው ሥራ ለማድረስ ሲነሳ፣ ችግሩ እውነተኛ ነበር፤ ዛሬም አላለቀም። ነገር ግን በእነዚያ ኩባንያዎች ውስጥ ሽያጭ አለ፣ ደንበኛን የማስረዳት ሥራ አለ፣ ውል የሚያዘጋጅ ሕግ አዋቂ አለ። ሁለትና ሦስት ቋንቋ እየተናገረ ያደገ፣ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ በባንክና በኩፓት ሖሊም ለወላጆቹ ያስተረጎመ ልጅ አስቸጋሪ ነገርን ለማያውቀው ሰው ማስረዳትን ተለማምዷል። ይህን በቆሮት ሐይም ላይ የሚጽፈው ሰው ግን ብዙም አላየንም።

በማርች 2000 ኤቲ ኤንድ ቲ ካናዳ ብራክን በ30.2 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ቀኑን ልብ በሉ። የናስዳክ የአክሲዮን ገበያ የዚያን ዘመን ጣሪያ የነካው በዚያው ወር ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቁልቁል ወረደ። ድርጅቱ ጥሩ ነበር፤ ሻጩም ጎበዝ ነበር። ነገር ግን ድርድሩ አንድ ዓመት ቢዘገይ ኖሮ ዋጋው ይህ እንደማይሆን መገመት አያዳግትም። የባለሀብቶችን ታሪክ ስታነቡ ዕድል የገባበትን ቦታ ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ በቀን ውስጥ ተደብቆ ነው የሚገኘው።

ከዚያ በኋላ ራምፕ ኔትወርክስ በሚባልና ኋላ ኖኪያ በገዛው የሲሊከን ቫሊ ድርጅት ሠራ፤ ለጥቂት ዓመታትም ሥራ አቁሞ ልጆቹን ሲያሳድግ ቆየ። በ2003 ከባልደረቦቹ ጋር ሄርጃቬክ ግሩፕን ጀመረ። ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያው ዓመት ሽያጭም 400,000 ዶላር ነበር። ሥራው ከብራክ አንድ እርምጃ ይርቃል፦ በሩን ሸጦ መሄድ ብቻ ሳይሆን ሌሊትና ቀን በሩ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ። የደንበኞችን ኔትወርክ 24 ሰዓት የሚከታተል ማዕከል አቋቁሞ በየወሩ ያስከፍላል። ቴሌቪዥኑ በ2006 ሲመጣ እሱ ከሀብቱ ዋናውን መንገድ አስቀድሞ ይዞ ነበር። «ቴሌቪዥን ላይ ኢንቨስት አድርጎ ነው የከበረው» የሚል ሰው ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል።

በራስ ገንዘብና በሰው ገንዘብ

በፕሮግራሙ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች የሚያወጡት የራሳቸውን ገንዘብ ነው። ይህ በተለምዶ «ኤንጀል» የሚባለው ዓይነት ባለሀብት ሥራ ነው። ቬንቸር ካፒታል የሚባለው ግን የሌላ ሰው ገንዘብ ነው። የጡረታ ፈንዶች፣ ኢንሹራንሶች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ባለጸጎች ገንዘባቸውን ለአንድ ፈንድ ይሰጣሉ፤ የፈንዱ አስተዳዳሪዎች በብዙ ወጣት ኩባንያዎች ላይ ይበትኑታል፤ በአብዛኛው አሥር ዓመት አካባቢ ባለው ጊዜ ውስጥ ሰብስበው ይመልሳሉ። ለድካማቸው በተለምዶ በዓመት 2 በመቶ ያህል፣ ከትርፉም 20 በመቶ ያህል ይወስዳሉ። አብዛኞቹ ኩባንያዎች እንደሚወድቁ ያውቃሉ፤ ስለዚህ የሚፈልጉት በጣም ሊያድግ የሚችል ነገር ነው። ጥሩ ትርፍ ያለው የእንጀራ መጋገሪያ ቤት ለባለቤቱ ወርቅ ሊሆን ይችላል፤ ለቬንቸር ካፒታል ግን አይሆንም። ይህ ስድብ አይደለም፤ ስሌቱ ነው እንዲህ የሚለው። ለእንዲህ ያለው ቤት የባንክ ብድር ይሻለዋል።

በእስራኤል ይህ ኢንዱስትሪ የቆመው በመንግሥት እጅ ነው፤ አነሳሱም ከስደት ጋር የተያያዘ ነው። ከሶቪየት ኅብረት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ መሐንዲሶችና ሳይንቲስቶች ሲገቡ፣ ሐሳባቸውን ወደ ምርት የሚለውጡባቸው የቴክኖሎጂ ማቀፊያዎች በ1991 ተከፈቱ። በ1993 ደግሞ መንግሥት ዮዝማ የሚባለውን ፕሮግራም በ100 ሚሊዮን ዶላር ጀመረ፤ በአሥር ፈንዶች ውስጥ ከውጭና ከአገር ውስጥ ባለሀብቶች ጋር ገንዘብ አስገባ፤ ባለሀብቶቹ ከተሳካላቸው የመንግሥትን ድርሻ በቅናሽ እንዲገዙም ፈቀደ።

ማቀፊያዎቹ የተከፈቱበት 1991 ለእኛ የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው። በዚያ ዓመት በሜይ ወር በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎቻችን በ36 ሰዓት ውስጥ ገቡ። ሁለት ዓሊያ በአንድ ዓመት፤ አንዱ በር ላይ ማቀፊያ፣ ሌላው በር ላይ ካራቫን። ማቀፊያው የተሠራው የምህንድስና ዲፕሎማ ይዞ ለመጣ ሰው ነበርና ከጎንደር ገጠር ለመጣ ገበሬና አንጥረኛ ምንም አልነበረውም። ይህን የምንለው ለወቀሳ ብቻ አይደለም። ካፒታል ከሚያውቀው ሰው ወደሚያውቀው ሰው ነው የሚሄደው፤ በሠራዊት አብረው ያገለገሉ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ የአጎቱ ልጅ ፈንድ ውስጥ የሚሠራ። የመጀመሪያው ትውልድ እንዲህ ያለ ዝምድና የለውም። ሄርጃቬክም በ1990 አልነበረውም፤ ብራክን በደንበኛ ገንዘብ ነው ያሳደገው። መጀመሪያ ሸጠ፣ ከሽያጩ ቀጠረ፣ ደግሞ ሸጠ። ሰው ለማያውቅ ልጅ ይህ መንገድ ዛሬም ክፍት ነው፤ ዝግ ያለ ቢሆንም ድርሻ አያስቆርስም።

ቁጥሮቹ እንዴት ይነበባሉ?

አንድ ሰው 100,000 ዶላር ለ10 በመቶ ሲጠይቅ፣ ሳይናገረው ድርጅቴ 1,000,000 ዶላር ያወጣል ማለቱ ነው። ገንዘቡን ለድርሻው መቶኛ ማካፈል ብቻ ነው። ይህ ግምት አዲሱ ገንዘብ ከገባ በኋላ ያለው ነው፤ ከመግባቱ በፊት ያለው 900,000 ነው። ባለሀብቱ «100,000 እሰጥሃለሁ፣ ግን ለ25 በመቶ» ሲል ገንዘቡ አልተቀየረም፤ የድርጅቱ ግምት ግን ከአንድ ሚሊዮን ወደ 400,000 ወርዷል። ቴሌቪዥን ላይ ወጣቱ ፊቱ የሚለዋወጠው ለዚህ ነው።

ሁለት ምሳሌ ከሄርጃቬክ ወንበር እንውሰድ። በ2013 አንድ ጠበቃና አንድ የጥርስ ሐኪም የነበሩ ጓደኛሞች አስቂኝ የገና ሹራብ የሚሸጥ «ቲፕሲ ኤልቭስ» የሚባል ድርጅት ይዘው ቀረቡ። ሄርጃቬክ 100,000 ዶላር ለ10 በመቶ ሰጣቸው፤ በፕሮግራሙ ከታወቁት ስኬቶቹም አንዱ ሆነ። የሳይበር ደኅንነት ሰው ነው፤ ስለ ሹራብ ምን ያውቃል? የሚያውቀው ሽያጭን ነው።

በዚያው ዓመት ሌላ ወጣት ከስልክ ጋር ተያይዞ የሰውን የአልኮል መጠን በትንፋሽ የሚለካ «ብሬዝኦሜትር» ይዞ ገባ። 250,000 ዶላር ለ10 በመቶ ጠየቀ። አምስቱም ባለሀብቶች አብረው 1,000,000 ዶላር ለ30 በመቶ ሰጡት፤ ሄርጃቬክም አለበት። ስሌቱን ብትሠሩት የጠየቀው ግምት 2.5 ሚሊዮን ነበር፤ ያገኘው ከ3.3 ሚሊዮን በላይ ነው። በቴሌቪዥን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ብርቅ ነው፤ አዳራሹ በደስታ ተሞላ። በ2017 ግን የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን፣ ኩባንያው ስለ መሣሪያው ትክክለኛነት ሰዎችን አሳስቷል ብሎ ከሰሰው፤ ጉዳዩም ለገዢዎች ገንዘባቸውን ለመመለስ በመስማማት አለቀ። አንድ ሰው መኪና መንዳት ይችል እንደሆነ የሚወስን መሣሪያ በስህተት ዝቅ ያለ ቁጥር ሲያሳይ የሚደርሰው አደጋ የገንዘብ ብቻ አይደለም።

አምስት ልምድ ያላቸው ሰዎች እንዴት አላዩትም? አንዱ ምክንያት በመድረኩ ላይ የሚደረገው መጨባበጥ ውል አለመሆኑ ነው፤ ማጣራቱ የሚመጣው ከቀረጻው በኋላ ነው። የባንክ ሒሳብ፣ የግብር ወረቀት፣ የፈጠራ መብት፣ ዕዳ፣ የአጋሮች ክርክር ይታያል። በዚህ ምክንያት ቴሌቪዥን ላይ «ተስማማን» የተባሉ ውሎች ሁሉ አይፈጸሙም፤ አንዳንዶቹም ተቀይረው ነው የሚፈረሙት። የሒሳብ ወረቀት ማጣራት ግን አንድ ነገር ነው፤ መሣሪያው በእርግጥ ይሠራል ወይ ብሎ ቤተ ሙከራ መውሰድ ሌላ ነው። የሕይወት ሳይንስና የምህንድስና ተማሪዎች፣ እናንተ የምታስፈልጉት እዚህ ጋ ነው።

ቴሌቪዥኑ ከማያሳየው ሁሉ ለወጣት መሥራች ከባዱ ግን «ቅድሚያ ያለው አክሲዮን» የሚባለው ነው። ባለሙያ ባለሀብት ብዙውን ጊዜ ተራ አክሲዮን አይገዛም። ድርጅቱ ሲሸጥ መጀመሪያ ያስገባሁትን ገንዘብ እወስዳለሁ የሚል አንቀጽ ያስገባል። ምሳሌ እንስጥ። አንድ ፈንድ 1,000,000 ዶላር አስገብቶ 20 በመቶ ያዘ። ድርጅቱ ከሦስት ዓመት በኋላ በ2,000,000 ተሸጠ። መሥራቹ በልቡ «80 በመቶ የእኔ ነው፣ 1,600,000 አገኛለሁ» ይላል። ፈንዱ ግን የመምረጥ መብት አለው፦ 20 በመቶውን ማለትም 400,000 መውሰድ፣ ወይም ያስገባውን 1,000,000 መልሶ መውሰድ። የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ለመሥራቹ የሚቀረው 1,000,000 ነው። ከዚህም የሚከፋ ዓይነት አለ፤ ፈንዱ ገንዘቡን መጀመሪያ ካነሳ በኋላ ከቀረውም እንደገና ድርሻውን የሚካፈልበት። በዚህኛው መሥራቹ 800,000 ብቻ ያገኛል። መቶኛው በሁለቱም ውል ላይ 20 ነው የሚለው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ውል ከመፈረም በፊት ለጠበቃ የሚከፈለው ገንዘብ ውድ የሚመስለው ከፊርማው በፊት ብቻ ነው።

ሄርጃቬክ ራሱም በጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠበት ቀን መጣ። በ2021 በአፓክስ ፓርትነርስ የሚመሩ ፈንዶች የሄርጃቬክ ግሩፕን አብላጫ ድርሻ ገዙ፤ በ2022 ድርጅቱ ፊሽቴክ ከሚባለው ጋር ተዋሐደና ሳይደረስ የሚል አዲስ ስም ያዘ። በሦስት ሰው የጀመረው ድርጅት ላይ ስሙ ተነስቷል፤ በሻርክ ታንክ ግን እስከ ቅርብ ዙሮች ድረስ ታይቷል።

ለልምምድ

በጥናት ቡድን ለምትገናኙ አንድ ሒሳብ እንተውላችሁ። ሁለት ተማሪዎች እኩል እኩል የያዙት ድርጅት አላቸው። 300,000 ሼቄል ለ15 በመቶ ጠየቁ። ባለሀብቱ 300,000ውን እሰጣለሁ፣ ግን 25 በመቶና ቅድሚያ ያለው አክሲዮን እፈልጋለሁ አለ፤ ተስማሙ። ከአራት ዓመት በኋላ ድርጅቱ በ900,000 ሼቄል ተሸጠ። የጠየቁት ግምት ስንት ነበር? የተቀበሉትስ? እያንዳንዱ ተማሪ በመጀመሪያው ዓይነት ቅድሚያ (ወይ ገንዘቡ ወይ ድርሻው) ስንት ይደርሰዋል? በሁለተኛው ዓይነት (ገንዘቡም ድርሻውም) ስንት?

መልስ፦ የጠየቁት ግምት 2,000,000፣ የተቀበሉት 1,200,000 ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ባለሀብቱ 300,000 ይወስዳል፣ ምክንያቱም 25 በመቶው 225,000 ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ተማሪ 300,000 ያገኛል። በሁለተኛው ባለሀብቱ 300,000ውን ያነሳና ከቀረው 600,000 ላይ 150,000 ይጨምራል፤ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚደርሰው 225,000 ሼቄል ነው።